ባቡሽካ ያሳዩን ሸርተቴ

እ.ኤ.አ. በ1987 መስከረም ላይ ሞስኮ ስንገባ ስለ በረዶ የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ልጆች ሆነን እየለቀምን የምንቆረጥመውን ብቻ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ የነሱ ነውና።) አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ሰው በረዶ ላይ ሲደንስ ለማየት ሥራውን ትቶ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል ቢሉን ቀልድ ይመስለን ነበር።

ፖድፋክ የምንለው የቋንቋ ዓመት ላይ ነበርን። ጠዋት ሩሲያኛ፣ ከሰዓት ሩሲያኛ፣ ማታ የቤት ሥራ። በማደሪያችን ምድር ቤት የሌኒን ምስል የተሰቀለበት የጋራ ክፍል ነበር፤ እዚያ አንድ ትልቅ ሩቢን ቴሌቪዥን ተቀምጧል። የክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት በር ላይ ተረኛ የነበሩት አሮጊት ናቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው መጥራት ለምላሳችን ስለከበደ ሁላችንም «ባቡሽካ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም «ልጆቼ» ይሉናል። አምሽቶ የገባ ተማሪ በቁጣቸው ይደነግጣል፤ ብርድ የመታውን ግን እዚያው ሻይ አፍልተው ያጠጡታል። ከእጃቸው ክርና ኪሮሽ አይለይም። ለዜና ቀና አይሉም። ሸርተቴ ሲጀምር ግን ኪሮሹን አስቀምጠው፣ በሩን ለእግዜር ጥለው ይመጣሉ።

ማየት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኛ የምናየው ዝላዩን ነበር፤ ስንት ጊዜ ዞረ? ወደቀ ወይስ ቆመ? ባቡሽካ ሰውየው አየር ላይ ሳለ ፊታቸው አይለወጥም። መሬት ሲነካ ነው «አሁን እዩ!» የሚሉት። ዝላይ የሚያርፈው በአንድ እግር፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ በብረቱ የውጭ ስለት ላይ ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ነጻው እግር ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ እጆች ይከፈታሉ፣ ከዚያ ሰውየው ሰፊ ቅስት እየሠራ ይፈሳል። ደካማው እዚህ ላይ ይታወቅበታል፤ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ወገቡ ይሰበራል፣ ለመቆም ሲታገል ሙዚቃው ጥሎት ይሄዳል። ጎበዙ ሲዘል ከነበረው ፍጥነት ብዙም ሳይጎድልበት ይወጣል። የአንድ ዝላይ ውበት ግማሹ እዚያ መውጫው ላይ እንደሆነ እስካሁን አምናለሁ።

«ጆሯችሁንም ስጡ» ይሉ ነበር፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ እያደረጉ። የጥሩ ተንሸራታች ብረት ዝቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ነው ያለው። የሚቧጥጥ፣ የሚንጫጫ ነገር ከሰሙ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስለቱን አላገኘውም ማለታቸው ነው።

የካልጋሪ ኦሊምፒክ የመጣው በዚያው ብርድ፣ በ1988 የካቲት ነው። ካልጋሪ ሲመሽ ሞስኮ ይነጋል፤ እኛ ማታ ማታ ድጋሚውን ነበር የምናየው። ባቡሽካ ውጤቱን ቀን በሬዲዮ ሰምተውታል፤ ግን ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል። የሶቪየት ጥንዶቹ፦ ኢካቴሪና ጎርዴዬቫ 16 ዓመቷ፣ ሰርጌይ ግሪንኮቭ 21 ዓመቱ። እሷ ትንሽዬ፣ እሱ ረጅም ትከሻ ሰፊ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን አንድ እርምጃ ነው፤ የሷ ጉልበት ሲታጠፍ የሱም ይታጠፋል። አያቴ የሰጋር በቅሎ ነገር ሲያነሡ፣ ጥሩ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው የያዘው ብርሌ ጠጅ ጠብ አይልም ይሉ ነበር። ግሪንኮቭ ጎርዴዬቫን ከራሱ በላይ አንሥቶ በረዶውን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ያች በቅሎ ናት ትዝ ያለችኝ። ወርቁን ወሰዱ። በ1994 ሊልሃመር ላይ ደገሙት፤ ያን ጊዜ ባልና ሚስት ነበሩ። በ1995 ኅዳር ግሪንኮቭ ሌክ ፕላሲድ ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለ ልቡ ከድቶት በ28 ዓመቱ ሞተ። የማያውቁትን ሰው ማልቀስ ይቻላል፤ ያን ቀን አወቅሁት።

ከጥንዶች እንቅስቃሴ ሁሉ ልቤን የወሰደው ቶዴስ ነው፤ የሞት ሽክርክሪት ይሉታል። ወንዱ በአንድ ጫማው ብረት ጫፍ ያለውን ጥርስ በረዶው ውስጥ ተክሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ምሰሶ ይሆናል። ሴቲቱ በአንድ እግሯ፣ በአንድ ስለት ላይ ብቻ ሆና ዙሪያውን ትዞራለች፤ ሰውነቷ ከበረዶው ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ፀጉሯ በረዶውን ይጠርጋል። የሚያገናኛቸው አንድ እጅ ነው። እሱ ከመጠን በላይ ከሳበ ትነሣለች፤ ካላላ ትወድቃለች። ከሩቅ ስታዩት እሱ የሚያሽከረክራት ይመስላል። ባቡሽካ ግን የሷን ቁርጭምጭሚት እያሳዩን «ሥራው እዚህ ነው» ይሉ ነበር፤ ስለቷን ካልጠበቀች የሱ ጉልበት ምንም አያደርግላትም። ዝላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ቶዴስ ግን እየዞረ ይቆያል፤ ዓይን ይጠግበዋል።

አንድ ማታ ሌሎቹ ተማሪዎች እስኪወጡ ጠበቁና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቶዴስን ማየት የሚፈልግ ሰው ሉድሚላ ቤሎውሶቫንና ኦሌግ ፕሮቶፖፖቭን ማየት ነበረበት አሉን። የሌኒንግራድ ባልና ሚስት ናቸው፤ በ1964 ኢንስብሩክ፣ በ1968 ግሬኖብል ለሶቪየት ኅብረት ወርቅ አመጡ። ከነሱ በፊት ሴቲቱ በውጭ ስለት፣ ወደ ኋላ እየሄደች የምትዞረው ቶዴስ ነበር የሚታወቀው። እነሱ ስለቱንና አቅጣጫውን እየለዋወጡ ሦስት ሌሎች ጨመሩበት፤ የሞት ስም አንሰጥም ብለውም የሕይወት፣ የፍቅርና የጠፈር ብለው ጠሯቸው። በ1979 ለትርኢት በሄዱበት ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸው ከአገሪቱ የስፖርት መጻሕፍት ጠፋ። ስም ሲነሣ ግራና ቀኝ ማየት ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ስለነበር ማብራሪያ አላስፈለገንም። ፊልማቸውን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዛሬ ጥንዶች ይፈጥናሉ፤ እንደነሱ ረጋ የሚል ግን አላየሁም።

የካልጋሪው የሴቶች ውድድር ማታ ክፍሉ ጢም አለ። አንጎላው፣ ሞዛምቢኩ፣ ጋናው፣ እኛው፤ ወንበር አልበቃ ብሎ መሬት ተቀመጥን። አንዷ የምሥራቅ ጀርመኗ ካታሪና ቪት፣ የሳራዬቮ ወርቅ ባለቤት፣ በዚያ ላይ የወንድማማች ሶሻሊስት አገር ልጅ። ሌላዋ አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስ፣ ጥቁር፣ የስታንፎርድ ተማሪ። ፖለቲካው ወዲያ፣ ልባችን ወዲህ! ሁለቱም የመረጡት ሙዚቃ ካርመን ነው። ዴቢ ገና መጀመሪያ ላይ የዘለለችው ጥምር ዝላይ ተበላሸባትና ከዚያ በኋላ አልሆነላትም። ቪት ወርቁን፣ ካናዳዊቷ ኤሊዛቤት ማንሊ ብሩን፣ ዴቢ ነሐሱን ወሰዱ። በክረምት ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስፖርተኛ ሆነች፤ እኛ ግን የሞተብን ያህል ነው የተቀመጥነው። ባቡሽካ ሻይ አመጡልን። «ልጅቷ ጠንካራ ናት፤ ቪት ግን ዝም ብላ ስትቆምም ትጫወታለች» አሉ። ተናደድንባቸው። እውነታቸውን ነበር።

ወደ ጎርኪ ፓርክ የወሰደን ይኸው የማታ ትምህርት ነው። ብርዱ ሲጠና የፓርኩ መንገዶች ውኃ ይፈስባቸውና ይረጋሉ፤ መናፈሻው ራሱ የበረዶ ሜዳ ይሆናል። ጫማ ተከራይተን ገባን። አወዳደቃችንን ልተወው፤ የሐበሻ ልጅ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ አንባቢ አይጠፋውም። አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ አዝናልን መጣችና በረዶው ላይ የተወችውን መስመር በጓንቷ አሳየችን። ብረቱ ከታች ጠፍጣፋ አይደለም፤ መሐሉ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ሁለት ስለት አለው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ሁለት ቀጫጭን መስመር ጎን ለጎን ይተዋል። ወደ አንዱ ስለት ያዘነበለ ሰው አንድ መስመር ብቻ፣ ያውም የታጠፈ። የሷ አንድ ነበር፤ የኛ ሁለት፣ ከዚያ የመቀመጫችን ምልክት። ባቡሽካ «ስለት» የሚሉት ነገር ያኔ ዓይኔ ገባ። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች በአንድ እግር የስምንት ቁጥር ቅርጽ በረዶ ላይ እየሣሉ፣ ዳኞች ጎንበስ ብለው መስመሩን ይመረምሩ ነበር፤ ከውጤቱም 30 በመቶውን ይይዝ ነበር። ከ1990 በኋላ ከትልልቅ ውድድሮች ወጣ። ለቴሌቪዥን አይመችም ተባለ።

ዝላይ አልወድም ማለቴ ግን አይደለም። ምረጥ ብትሉኝ ሉትስን እመርጣለሁ። የኦስትሪያው አሎይስ ሉትስ በ1913 የፈጠረው ነው። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ፣ በውጭ ስለት ላይ፣ ረጅም ቅስት ይዞ ይመጣል፤ ቅስቱ ወደ አንድ ጎን እየወሰደው ሳለ በሌላው እግሩ ጥርስ በረዶውን ወግቶ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ይህ ትግል ነው የሚያምረው። ብዙዎች መጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ሳይታወቃቸው ወደ ውስጥ ስለት ይዘነብላሉ፤ ያን ጊዜ ሉትስነቱ ያበቃል። አሜሪካዊው ብራያን ቦይታኖ ሦስት ዙር ሉትስን አንድ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ይዘለው ነበር፤ ካልጋሪ ላይም ወርቅ አገኘ። አክሰል ደግሞ ወደ ፊት እያዩ የሚነሡበት ብቸኛው ዝላይ ነው፤ ኖርዌያዊው አክሰል ፖልሰን በ1882 ቪየና ላይ አሳይቶታል። ማረፊያው እንደ ሌሎቹ ወደ ኋላ ስለሆነ ሁልጊዜ ግማሽ ዙር ትርፍ አለው። ሰውየው ፊቱን ሰጥቶ ስለሚነሣ ድፍረቱ ይታያል። የጃፓኑ ዩዙሩ ሃንዩ ወደ አክሰል የሚገባው እንደ ሌላው ሰው ረጅም መንደርደሪያ ሳይወስድ፣ ከእርምጃ መሐል ነው፤ መቼ እንደሚነሣ ሳታውቁ ይነሣል።

ኋላ አሜሪካ ከገባሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። በ1998 ናጋኖ ላይ ፈረንሳዊቷ ጥቁር ሱርያ ቦናሊ፣ ጉዳት ይዟት ሜዳሊያው እንደራቃት ስታውቅ፣ የተከለከለውን የኋላ ግልብጥ ሠርታ በአንድ እግር አረፈች። ዳኞቹ ቀጧት፤ 10ኛ ሆና ወጣች። ከ2024 ወዲህ ግን ያ ግልብጥ ተፈቅዷል። በ2006 ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ወክሎ ስለቀረበ ቤታችን ቴሌቪዥኑ አልጠፋም፤ በዚያው ጃፓናዊቷን ሺዙካ አራካዋን አየናት። ኢና ባወር የሚባለውን፣ በጀርመናዊቷ ስም የተጠራውን እንቅስቃሴ ሠራች፤ የፊት ጉልበት ታጥፎ፣ የኋላው እግር ተዘርግቶ፣ ሁለቱ ጫማዎች በሁለት ትይዩ መስመር ወደ ተቃራኒ ጎን እያዩ ወደ ጎን መንሸራተት። እሷ በዚያ ላይ ጀርባዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጆቿን ዘርግታ ሜዳውን አቋረጠች። በአዲሱ የነጥብ አሠራር ያ እንቅስቃሴ ነጥብ አያመጣም ነበር። ታውቃለች፤ ግን አልተወችውም። ወርቁንም ወሰደች።

አሁን ዘመኑ የአራት ዙር ነው። ኢሊያ ማሊኒን የተወለደው ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ነው፤ ወላጆቹ ለኡዝቤኪስታን የተወዳደሩ ተንሸራታቾች ናቸው። በ2022 መስከረም ሌክ ፕላሲድ ላይ አራት ዙር ተኩል ያለውን አክሰል በውድድር ያሳረፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። አደንቀዋለሁ። ግን ዓይን ሊቆጥረው ያልቻለውን ነገር ኮምፒውተር ቆጥሮ ሲነግረኝ ደስታው የኮምፒውተሩ ይመስለኛል። ቢሆንም ልጁ እያደገ ሲሄድ መንሸራተቱም እየበሰለ መጥቷል፤ ባቡሽካ ቢያዩት ዝላዩን አልፈው መውጫውን ይጠብቁ ነበር።

እናንተ ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ያላችሁ፣ አጠገባችሁ የበረዶ ሜዳ አይጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ሲለማመዱ ሄዳችሁ ዳር ቁሙ፤ ሙዚቃ ስለማይኖር ብረቱ ይሰማችኋል። የሚዘሉትን ተዉአቸው፤ አርፈው ሲወጡ እዩአቸው። ቶዴስ የሚሠሩ ጥንዶች ካጋጠሟችሁ ደግሞ የልጅቷን ቁርጭምጭሚት እዩ።