ከመኪና አደጋ በኋላ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

“በሕግ አምላክ ሲሉት የሚፈስ ውኃ እንኳ ይቆማል” የሚለው የአባቶቻችን ንግግር፥ ሕግ ምን ያህል ይፈራና ይከበር እንደ ነበረ ያስታውቃል። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ያለ ዘበኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ከቀረበ ወዲህ ግን፥ በመንገዳችን ላይ የሚሮጠው ነገር በቃል የማይቆም፥ ሰውንም በቅጽበት የሚጥል ሆነ። ስለዚህ ስለ ልጆች ጤናና ስለ ቤት አያያዝ እንደምንመክር ሁሉ፥ ከመኪና አደጋ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ በየቤታችን አስቀድሞ መምከር ያስፈልጋል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ኦሪትን ስንማር፥ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ በብርቱ የሚጠየቀው የበሬውን ተዋጊነት አስቀድሞ ያወቀ እንደ ሆነ ነው ተብሎ ተነግሮናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በመኪና ነገር ከዚህ ይልቅ ይጠነክራል። በቁጥር 2081 እንደ ተጻፈው፥ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን፥ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ይድናል፤ ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት እንደ ሆነም ኃላፊነቱ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። “እኔ አላጠፋሁም” ማለት ብቻውን ግን አያድነውም። ሾፌር ያላችሁ ጌቶችና እመቤቶች ይህን ልብ በሉ፤ መሪውን ሌላ ሰው ቢይዘውም ዕዳው ወደ እናንተ ቤት ይመጣል።

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሳገለግል ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ከልቤ አልጠፋም። በብስራተ ገብርኤል ሰፈር የምትኖር የአንዲት ሴት ባል፥ ከሥራው ሲመለስ ከሳር ቤት በሚመጣው መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሰውየው ግንበኛ ሲሆን ሦስት ልጆች ትቶ ነበር። በሠልስቱ ቀን ከባለ መኪናው የተላኩ ሽማግሎች መጥተው በወጉ አለቀሱ፤ ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ሰጥተውም ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በዪ አሏት። እርስዋም ይቅር አለች፤ ከለቀስተኞችም መካከል ሳትነሣ በቀረበላት ወረቀት ላይ ፈረመች።

ከዓመት በኋላ የቤት ኪራይ ቢያስጨንቃት አቤቱታዋን ይዛ መጣች። የተከሳሹ ጠበቃ ያን ወረቀት አውጥቶ አነበበ፤ ቃሉም “ካሣዬን በሙሉ ተቀብያለሁ፥ ከእንግዲህ ወዲያ የምጠይቀው የለኝም” የሚል ነበር። ዳኛውም ሟቹ በወር ምን ያገኝ ነበር፥ አደጋውንስ ማን አየ ብለው ቢጠይቁ፥ አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ተበትነው፥ የሐኪም ቤቱም ወረቀት ጠፍቶ ተገኘ። ሴቲቱ፥ “ጌታዬ፥ እኔ ይቅር ያልሁት ደሙን ነው፤ የልጆቼን እንጀራ መቼ ሸጥሁ?” ብላ መለሰች። ይህን ቃል በመዝገቡ ላይ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ነገሩም ብዙ ቀጠሮ ከተመላለሰ በኋላ ጥቂት ገንዘብ ተጨምሮላት በስምምነት ተዘጋ።

ዕርቅ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ይቅርታው በሐዘኑ ቤት ይፈጸም፤ የካሣው ውል ለቅሶው ካለፈ በኋላ፥ ሕግ የሚያውቅ ሰው ካየው ወዲያ ይፈረም። በቁጥር 2095 መሠረት ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆችና ልጆች እያንዳንዳቸው በሟቹ ሞት ምክንያት የቀረባቸውን መተዳደሪያ ሊጠይቁ መብት አላቸው። ስለ ሕሊና ሐዘን የሚከፈለውን ግን ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። እንግዲህ ልጆችን የሚያሳድገው ዋናው ካሣ የሟቹ ገቢ በማስረጃ ሲታወቅ የሚገኘው ነው።

ስለዚህ አደጋ ሲደርስ አስቀድሞ ሰውን መርዳት ይገባል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፥ ፖሊስ በ991 ይጠራል። ሾፌሩም ቆሞ መርዳት ግዴታው ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 575 በአደጋ ላይ ያለውን ሰው ሳይረዳ የሚተወውን ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ እንደ ሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ቀጥሎም የመኪናው ታርጋ፥ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው የመድን ምልክት፥ የሾፌሩ ስም፥ የምስክሮችም ስምና ስልክ ይጻፍ፤ የቦታው ፎቶግራፍ ይነሣ። ከዚያ በኋላ የሐኪም ቤት ወረቀትና ደረሰኝ፥ የደመወዝ ማስረጃ፥ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት ሁሉ በአንድ ሣጥን ይጠበቅ። የቤት እመቤት ወርቋን በምትጠብቅበት ጥንቃቄ እነዚህንም ትጠብቃቸው።

የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ፥ ኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ለባለ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው፥ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። መድን የሚከፍለው ግን ልክ ያለው ስለ ሆነ፥ ከዚያ የተረፈው ጉዳት ከባለቤቱ ይጠየቃል።

ጊዜም ይጠበቅ። በቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቀርባል። ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ እንደ ሆነ ያ ረዥሙ ይጸናል፤ ብልህ ሰው ግን ሁለቱን ዓመት ይቆጥራል። ሾፌሩ ከወንጀሉ ነፃ ቢባልም የካሣው ነገር በዚያ አያበቃም፤ በቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

በመጨረሻ ለባለ መኪኖች አንድ ቃል አለኝ። ሽማግሌ ስትልኩ ለተዝካሩ ከሚሆነው ገንዘብ ጋር የመድኑን ወረቀት ግልባጭ አብራችሁ ላኩ፤ የሚፈረመውን ወረቀት ግን ከሐዘኑ ቤት አርቁት። የቤታችሁ ክብር የሚታወቀው በዚህ ነው። እግዚአብሔር ከድንገተኛ አደጋ ሁላችንን ይጠብቀን።