ነጭ ኮከብ ያለው ብዕር

ውጭ አገር ያለ ዘመዴ የላከልኝን የሞንብላን ብዕር እዚህ መንዝ፣ በመሐል ሜዳ ብርድ፣ ሦስት ወር ጻፍኩበት። መልኩስ ያምራል። ጥቁር ነው፤ ክዳኑ አናት ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ የሚመስል ነጭ ኮከብ አለው፤ የወርቅ ጫፉ ላይ የሞንብላን ተራራ ከፍታ፣ 4810፣ ተቀርጿል። ሳትጫነው ይጽፋል፤ እጅ አያደክምም። ነገር ግን ቀለሙ ተጋምሶ ከአዲስ አበባ ይዤው ስወጣ፣ ከፍታው ላይ ውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ ቀለሙን ገፋውና ሸሚዜን አበላሸው። በስስ ደብተር ላይም ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋል። ለእኛ አገር እስክሪብቶ ይሻላል (ዘመዴ ይህን እንዳያነብ)።

አንድ የወጣቶች ክፍል ልጅ ዋጋውን ሲጠይቀኝ «ስጦታ ነው፣ አላውቅም» አልኩት። አውቅ ነበር፤ አፍሬ ነው። በሚቀጥለው እሑድ እውነቱን ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ልሞክረው?» አለኝና የእናቱን ስም ጻፈበት።