የምኒልክን ፈረስ አሳዩኝ

እኛ ሦስት ነን፤ ሁለታችን የእንጅባራ፣ አንዳችን የዳንግላ ልጅ። አዲስ አበባ ከገባን ሰባት ዓመት ሞላን። በእነዚህ ሰባት ዓመታት አምስት ጊዜ ቤት ቀይረናል፤ ስንት የታክሲ ሰልፍ እንደቆምን ደግሞ ፈጣሪ ይቁጠረው። ከተማዋን ጠንቅቀን የምናውቃት ይመስለን ነበር። አለማወቃችንን ያሳዩን ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የአንዳችን አጎት ናቸው። በእኛ አገር ግን የአንዱ አጎት የሁሉ አጎት ነውና ሦስታችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ድንች ያመርታሉ። "ሥራዎ ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን ድንቹን አያነሱትም፤ "ፈረሰኛ ነኝ" ነው የሚሏችሁ።

የመጡት ለዓይናቸው ነው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙን ደግሞ ሞራ ጋርዶት፣ እሳቸው እንደሚሉት "የእንጅባራ የክረምት ጉም ገብቶበታል።" ሰኞ ዕለት ሐኪሙ አያቸውና ሐሙስ ለቀዶ ጥገና እንዲመለሱ ቀጠራቸው። ማታ እራት ላይ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣

"እስከ ሐሙስ ከግድግዳ ጋር ስፋጠጥ ልሰንብት ነው? አዲስ አበባን አሳዩኝ እንጅ" አሉ።

"ከዚህ በፊት አላዩዋትም እንዴ ጋሼ?"

"አራት ጊዜ መጥቻለሁ። ያየሁት ሆስፒታልና አውቶቡስ ተራ ነው። ለጉዳይ መጣሁ እንጅ እሷን ላይ መች መጣሁ?"

እርስ በርስ ተያየን። አንዳችን ቦሌ ያለ የገበያ ሕንፃ ጠራ። ሌላኛው የኮሪደሩን መብራት አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን "የማታ መብራት ዓይናቸውን ይወጋቸዋል" ብሎ ሐሳቡን ራሱ ሻረው። ሦስተኛው ዝም አለ። ድንቅነሽ ያለችበትን ሙዚየም ስንቶቻችን ገብተን አይተናል? አንዳችንም! በሰባት ዓመት ውስጥ በደጇ ያለፍንበት ጊዜ ግን ቁጥር ስፍር የለውም።

"ምን ማየት ይፈልጋሉ ታዲያ?"

"የምኒልክን ፈረስ።"

*

እዚህ ላይ አዊን ለማታውቁ ወዳጆቻችን አንድ ነገር እንንገራችሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራ ፈረሰኛው ተሰብስቦ፣ ዓድዋ ላይ ከአርበኛው ጋር የዋሉትን ፈረሶች ያስባል። በዓሉን ለማየት ከአዲስ አበባም ከውጭም ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ይመጣል። እንግዳውን ተቀብለው የሚያሳድሩት፣ ሲነጋ ዘንገና ሐይቅን የሚያሳዩት ጋሼና መሰሎቻቸው ናቸው። በእኛ ቋንቋ "ቱሪስት" ማለት ያ ካሜራ ያንጠለጠለው ሰውዬ ነው። እኛ ራሳችን ቱሪስት ልንሆን እንደምንችል አስበን አናውቅም። የባሰው ደግሞ፣ ቱሪስት ሲመጣብን አስተናጋጅ መሆን እንደሚጠበቅብን አለማሰባችን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ፒያሳ ወረድን። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከሐውልቱ ሥር ቆሙ። ቀኝ ዓይናቸውን እያጨናበሱ አንዴ ወደፊት ጠጋ፣ አንዴ ወደኋላ ፈቀቅ ይላሉ። እኛ ታሪክ ልንነግራቸው ስልካችንን ከፍተን ማንበብ ጀመርን። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ እንደተመረቀ፣ ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ እንዳነሣው፣ ከድል በኋላ ወደ ቦታው እንደተመለሰ…

"ቆዩማ!" አሉን። "ፈረሱን እያየሁ ነው።"

ለእሳቸው ያ ነሐስ አልነበረም፤ አባ ዳኘው ነበር። "ሁለት እግሩን ባነሣ ፈረስ ላይ እንዲህ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ" አሉ። ስለ አቀማመጥ፣ ስለ ልጓም፣ ፈረስ ሲነሣ የፈረሰኛው ጉልበት ምን እንደሚሠራ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዱን። በዚያ አደባባይ ሺህ ጊዜ አልፈናል። ፈረሱ እግሩን ማንሣቱን ልብ ያልነው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሻገርን። ስንወጣ ጋሼ "መጀመሪያ የተከራያችሁት ቤት በዚህ አካባቢ አልነበረም?" ብለው ጠየቁ። ነበር፤ ዶሮ ማነቂያ። ሰፈሩ በዚያው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ሦስታችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ሦስታችንም ወደ ተለያየ አቅጣጫ! ሁለት ዓመት ያደርንባት ጓዳ የት ላይ እንደነበረች መስማማት አቃተን። ጋሼ አልሳቁብንም። "ቤት ሲፈርስ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል" ብለው ዝም አሉ።

*

ረቡዕ ስድስት ኪሎ ነበርን። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ፊት፣ ወደ ሰማይ የሚወጣና የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሽስት ዓመት አንድ ደረጃ ተብሎ ጣሊያን ያቆመው ነው። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "አላፈረሱትም?" አሉ። "አላፈረሱትም፤ አንበሳ አስቀመጡበት እንጂ" አልናቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ብቻቸውን ፈገግ ሲሉ ዋሉ።

ከሰዓት አምስት ኪሎ፣ ድንቅነሽ ዘንድ ገባን። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚገመት ነገርናቸው። ከመስታወቱ ጋር ሊሳሳሙ እስኪቃረቡ ተጠጉና፣ "ከአፋር ነው የመጣች በሉኛ! እሷም እንደኛ ከአገር ቤት መጥታ ነው እዚህ የቀረችው" አሉ። አጠገባችን የነበሩ ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። እኛም ሳቅን። ማታ አልጋችን ላይ ስንሆን ግን ነገሩ ከነከነን። ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ጋሼ ለጉዳይ የመጣን ሰዎች ሆነን ነው የኖርነው። "ከየት ነህ?" ሲሉን "እንጅባራ"፣ "ዳንግላ" እንላለን። አገር ቤት ስንሄድ ደግሞ "አዲስ አበቤዎቹ መጡ" ይሉናል። ቤት አከራይ ሲያስወጣን ዕቃችንን ጠቅልለን እንወጣለን። እንዲህ ለሚኖር ሰው ሐውልት ምኑ ነው? ሙዚየም ምኑ ነው? የሰው ቤት ጌጥ!

ሐሙስ ጋሼ ቀዶ ጥገናውን አደረጉ። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት እኛን ነው። "ከስታችኋል" አሉን። ዓይናቸው በደንብ ማየቱን ያረጋገጥነው በዚህ ነው። ግራውስ? እንደጠፋ ቀርቷል።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ቤት ስልክ ደወሉ። ጋሼ ስልክ ሲያወሩ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው ነው። ስለ ዓይናቸው ተናገሩ፣ ስለ ሐኪሙ ተናገሩ፣ ስለ አባ ዳኘው አብዝተው ተናገሩ። በመጨረሻ ማን አብሯቸው እንደዋለ ሳይጠየቁ አልቀሩም።

"ልጆቹ ናቸዋ! ሁለት ቀን ሙሉ ከተማቸውን አሳዩኝ" አሉ።

ከተማቸውን። አዲስ አበባን የእኛ ናት ብሎን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኛም ብለን አናውቅም። ዕዳው ግን ገብቶናል። ጋሼ በጥር 23 እንግዳቸውን ያለ አስጎብኚ አይተዉትም። እኛም የሚቀጥለው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ያላየነውን እንይ ብለን በየእሑዱ መውጣት ጀምረናል። እስካሁን የጨረስነው አራት ኪሎን ብቻ ነው።