ካርቱም ላይ ወሬ በማን በር ይገባ ነበር?

በ2010ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) በካርቱም ዴም ሰፈር ቡና አፍልታ የምትሸጥ ኢትዮጵያዊት ስልክ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ፣ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ካሜራው ወይም ስለ ባትሪው አልነበረም። «ኢሞ ይሠራል?» ነበር ጥያቄዋ። ባለሱቁም ነገሩን ያውቀዋልና ፕሮግራሙን ከራሱ ስልክ ወደ እርሷ ስልክ አሻግሮ፣ ስሟን አስገብቶ፣ ጎንደር ወይም ሁመራ ካለ ዘመድ ጋር አገናኝቶ ይሸኛታል። ከዚያ በኋላ መርዶው፣ የሠርጉ ፊልም፣ የፖለቲከኛው ንግግር፣ የመምህሩ ስብከት ሁሉ በዚያው ስልክ ይገባል። ጋዜጣዋም ሬዲዮዋም ይኸው ሆነ ማለት ነው። ይህን ጋዜጣ የመረጠችው ግን እርሷ አልነበረችም።

ስለ ታላላቆቹ የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት ኩባንያዎች ፉክክር ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የአክሲዮን ዋጋና የባለጸጎቹ ስም ነው። የዚያ ፉክክር ፍርፋሪ ካርቱም ደርሶ ማን ምን እንደሚሰማ፣ ማንስ ምን ሳያነብ እንደሚቀር የወሰነበት መንገድ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፊደል ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሱቅ አል ዐረቢ አካባቢ ከአንድ የኢንተርኔት ቤት ገብቶ አማርኛ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ጽሑፍ ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ የፊደል አሰፋፈር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ገጹን ለማንበብ በቅድሚያ ፊደሉን አውርዶ መጫን ያስፈልጋል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ በማሽኑ ላይ ባዕድ ነገር እንዲጫንበት አይወድም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተሰኘውን ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ለገበያ ያቀረበው ግን በ2007 ነበር። ስምንት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዐረብኛው በዚያው ማሽን ላይ ያለ ችግር ይነበብ ነበር። ስማርት ስልክ ሲመጣም የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች በአማርኛው ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረድሩ ነበርና ነገሩ እንደገና ከሀ ተጀመረ።

ማንበብ ያልተመቸው ሰው ወደ ማዳመጥ ይሄዳል። የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቶች እንደነበሩ ሆነው፣ በ2000ዎቹ ፓልቶክ ዋናው አደባባይ ሆነ። ከዋሽንግተን እስከ ካርቱም የተበተነው ኢትዮጵያዊ በአንድ የድምፅ ክፍል ተሰብስቦ እስኪነጋ ይከራከር ነበር። ከዚያ ሁሉ ክርክር ተቀድቶ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። የአማርኛ የአደባባይ ቋንቋ በኢንተርኔት ዘመን ከጽሑፍ ይልቅ ለድምፅ ማድላቱ የባህል ጠባይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ባህሉ አንድ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ግን ፊደሉ በጊዜው ቢገባ ኖሮ ምን ይጻፍ እንደነበር ማን ያውቃል?

ካርቱም ላይ ሌላ ችግር ተጨመረበት። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ዘልቋል። በዚህም የተነሣ ሶርስፎርጅ የተባለው የነፃ ፕሮግራሞች ማከማቻ በ2010 ለሱዳን ተዘጋ፤ ኮርሴራ የተባለው የርቀት ትምህርት ድርጅት በ2014 ሱዳን ያሉትን ተማሪዎች አገደ። የዓለም አቀፍ ክፍያ ካርድ ስለማይሠራ በኢንተርኔት አንዳች ነገር መግዛት ዘበት ነበር። አሜሪካ ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችንና መሣሪያዎችን የፈቀደችው በፌብሩዋሪ 2015 ነው። ኢትዮጵያዊው ከነፓስፖርቱ የማዕቀቡ ባለዕዳ አልነበረም። ኩባንያዎቹ የሚያዩት ግን ፓስፖርቱን ሳይሆን መሥመሩ የተነሣበትን ሀገር ነውና ካርቱም እስካለ ድረስ እንደ ካርቱም ሰው ይቆጠር ነበር። ስለዚህ አሸናፊ የሚሆነው የተሻለው ፕሮግራም ሳይሆን ነፃ የሆነው፣ በደካማ መሥመር የሚሠራው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው ነበር። የኢሞ ዝና ምስጢሩ ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ ሌላ ጨዋታ ይካሄድ ነበር። ጉግል በ2006 ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ፌስቡክ በ2012 ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን፣ በ2014 ደግሞ ዋትሳፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ማርክ ዙከርበርግ ከመፎካከር መግዛት እንደሚሻል በ2008 በኢሜይል መጻፉ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ክስ ወጥቷል። ፌስቡክ በጃንዩዋሪ 2018 የገጹን አደራደር ለውጦ፣ ከዜና ድርጅቶች ጽሑፍ ይልቅ ሰዎች አስተያየት የሚለዋወጡበትን ነገር ወደ ፊት አመጣ። በዚያው ዓመት ቲክቶክ ሚዩዚካሊን ጠቅልሎ ምዕራቡን ገበያ ሲይዝ፣ ኢንስታግራም በ2020 «ሪልስ» የተባለውን አጭር ፊልም አመጣ፤ ዩቲዩብም በ«ሾርትስ» ተከተለው። ከዚህ ሁሉ ውሳኔ አንዱም ስለ አማርኛ ታስቦ የተደረገ አይደለም። ይሁን እንጂ ጭቅጭቅ የሚያስነሣ ጽሑፍ ከተመዛዘነ ጽሑፍ ቀድሞ ዴም ሰፈር እንዲደርስ ያደረገው፣ የአንድ ሰዓት ውይይትም በአንድ ደቂቃ ተቆርጦ እንዲዞር ያደረገው ይኸው ነው።

አማርኛ ብዙ ተናጋሪ ያለው፣ ለማስታወቂያ ገበያ ግን ብዙ ገንዘብ የማያስገባ ቋንቋ ነው። ለገበያው ያልበቃ ቋንቋ ለጥበቃውም በጀት አይበቃም። ጉግል በፌብሩዋሪ 2016 አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ሲያካትት ሥራውን ያገዙት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። የቋንቋው ባለቤቶች ለኩባንያው በነፃ ሠሩ ማለት ነው። ማሽኑ ግን ዛሬም የሚስተው ነገር አለ። «አረሙን መንቀል» የሚለው ሐረግ በገበሬው አፍ ሥራ ነው፤ በጦርነት ጊዜ በተቆጣ ሰው አፍ ሌላ ነው። ይህን ለመለየት ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ወቅቱን፣ ሰፈሩንና ተናጋሪውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይጠይቃል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በኦክቶበር 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ሲመሰክሩ ኢትዮጵያን በስም ማንሣታቸው ያለ ነገር አልነበረም። በቀጣዩ ወር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ተገደሉ። ልጃቸው በ2022 ናይሮቢ ባቀረበው ክስ እንዳለው፣ ከግድያው በፊት የአባቱን ስምና ፎቶግራፍ ይዘው በፌስቡክ የወጡት ጽሑፎች እንዲነሡ ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሡም። ሜታ ጉዳዩ ኬንያ ውስጥ ሊታይ አይገባም ብሎ ቢከራከርም፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

ሱዳናዊውም ከዚህ አላመለጠም። ፌስቡክ በኦገስት 2019 ከግብፅና ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የሚንቀሳቀስ የሐሰት አካውንቶች መረብ ዘጋ፤ ሱዳን ከመረቡ ዒላማዎች አንዷ ነበረች። በ2021ም ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጋር የተያያዘ ሌላ መረብ አወረደ። አማርኛም ዐረብኛም የሚያነብ የካርቱም ነዋሪ በሁለት ቋንቋ ይታለል ነበር ማለት ነው።

የ2019 ጁን ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በጁን 3 በካርቱም የጦር ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ሲበተን የሞባይል ኢንተርኔቱ አብሮ ተቆረጠ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን ደግሞ በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ በአዲስ አበባ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ፤ ኢትዮጵያም ኢንተርኔቷን ዘጋች። ካርቱም ያለው ኢትዮጵያዊ ያን ሰሞን ከሁለቱም ወገን ተዘጋበት። ኢሞ ዝም፣ ፌስቡክ ዝም። ያ ሁሉ ቢሊዮን የወጣበት ፉክክር በሁለት መንግሥታት ትእዛዝ አንድ ላይ ጸጥ አለ። የቀረው ሳተላይት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ፣ እንዲሁም ኪስ የሚጎዳው ተራው የውጭ ሀገር የስልክ ጥሪ ነበር። በባሕር ዳሩ ግድያ ማግስት፣ አንድ ሱዳናዊ ጠበቃ ዜይን የተባለውን የስልክ ኩባንያ ከሶ ኢንተርኔቱ እንዲመለስ አስወሰነ። ክሱ የቀረበው በእርሱ ስም ብቻ ስለነበር አገልግሎቱ የተመለሰው ለእርሱ መሥመር ብቻ ሆነ። በሚሊዮኖች ከተማ አንድ ሰው! ለሌላው የተከፈተው በጁላይ 9 ነው።

በአፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈነዳ፤ በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያም የሀገሪቱ የስልክ መሥመር በአብዛኛው ወደቀ። ያኔ የኢሎን መስክ ስታርሊንክ በኮንትሮባንድ ገባ። ጣሪያ ላይ ሳህን የተከለ ሰው በሰዓት እያስከፈለ መሥመሩን ያከራይ ጀመር፤ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ይዞታ ያለ ሰው ለቤተሰቡ በሕይወት መኖሩን ለማሳወቅ ይሰለፍ ነበር። መስክ ትዊተርንም በ2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታልና፣ መንገዱም ገበያውም በአንድ ሰው እጅ ገባ። ኩባንያው በ2024 ሱዳንን ጨምሮ ፈቃድ በሌለባቸው ሀገሮች አገልግሎቱን እንደሚያቋርጥ ለደንበኞቹ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ብቻ እንኳ ስንቱን እንዳስጨነቀ መገመት አያዳግትም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል መተማ ሲደርሱ ስልካቸው በመንገድ ተዘርፎ ነበር። ዋትሳፕም ኢሞም ሰውን የሚያውቁት በስልክ ቁጥሩ ነው። አዲስ ስልክ ተገዝቶ የድሮው ቁጥር ሲገባ ማረጋገጫ ቁጥሩ በአጭር መልእክት የሚላከው ወደዚያው ወደ ተዘረፈው ሲም ነው፤ ምትክ ሲም የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ያኔ የተኩስ ቀጣና ውስጥ ካርቱም ቀርቶ ነበር። ጎንደር የደረሱ እናት፣ ከዓመታት በፊት የሞተ ልጃቸው የላከላቸው የድምፅ መልእክት በዚያ ቁጥር ውስጥ ነበር።