ከአንዲስ ተራራ እስከ መቂ ማሳ

መቂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሞጆ ላይ ወደ ሐዋሳ መንገድ ታጥፎ፣ ቆቃንና ዓለም ጤናን አልፎ። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው የመቂ ወንዝ በዚህ በኩል አድርጎ ደምበል ሐይቅ ይገባል። በውኃው ዳር ሞተሮች ሲያጓሩ ይውላሉ፤ ሽንኩርቱም ቃሪያውም ቲማቲሙም የሚጠጣው በእነሱ ነው።

የመጣሁት አንዲት የእሳት ራት ለማየት ነው። ገበሬው «ቱታ» ይላታል፤ ሙሉ ስሟ ቱታ አብሶሉታ። ቀን ቀን በቲማቲም ቅጠሎች መሀል ተሸሽጋ ትውላለች፤ ግንዱን ነካ ሲያደርጉት ብድግ ትልና ጥቂት በርራ መልሳ ታርፋለች። ቁመቷ የገብስ ፍሬ ቢያክል ነው፤ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ክንፏ ብርማ ግራጫ ሲሆን ጥቋቁር ነጥቦች ጣል ጣል ብለውበታል።

አንዷ ሴት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። ትሉ የሚኖረው በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ነው። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ሳነሳው የተበላው ቦታ ብርሃን አሳለፈ፤ ትሉም ከጥቁር ኩሱ አጠገብ ሲላወስ ታየኝ። ፍሬውንም ይበሳል፤ የተበሳ ቲማቲም ደግሞ ገዢ የለውም።

አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜይሪክ እ.ኤ.አ. በ1917 ስም ያወጣላት ከፔሩ አንዲስ ተራሮች፣ ከሁዋንካዮ በተገኘች ናሙና ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2006 ስፔን ታየች፤ በ2012 ኢትዮጵያ ገባች። ይህን ሁሉ አገር በክንፏ ብቻ አላቋረጠችም፤ ፍሬው፣ ችግኙና ሣጥኑም አጓጉዘዋታል።

በረድፎቹ መሀል ሳሙና የገባበት ውኃ የያዘ ሳፋ ተቀምጧል፤ ከላዩ የሴቷን ጠረን የሚሰጥ ትንሽ ጎማ ተንጠልጥሏል። ወንዶቹ ሚስት ፍለጋ መጥተው ይሰጥማሉ። «የምንረጨውን መድኃኒትማ ለመደችው፣ ልጄ» አሉኝ የማሳው ባለቤት።

ቲማቲም፣ ድንች፣ ጥቁር አውጥና አጤ ፋሪስ ባለበት ሁሉ ትኖራለች። መቂ ላይ ሞተሩ ከዓመት ዓመት ስለሚያጠጣ፣ አንዱ ማሳ ተለቅሞ ሲያልቅ የጎረቤቱ ገና ያብባል። አንድ ገበሬ ብቻውን ግንዱን ነቅሎ ቢያቃጥል፣ በቲማቲሙ ፈንታ በቆሎ ቢዘራ፣ እሷ አጥር ተሻግራ ትቆየውና ቲማቲም በተከለ ጊዜ ትመለሳለች። ማረፊያ የምታጣው ጎረቤታሞቹ ተስማምተው በአንድ ወቅት ቲማቲምም ድንችም ያልተከሉ፣ ጥቁር አውጡንና አጤ ፋሪሱንም የነቀሉ እንደሆነ ነው።