ቂል የመሆን ድርሻ

የጃፓንን የትምህርት ቤት ኮሜዲ አኒሜዎች በሚወድዱ ወጣቶች መካከል አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ክርክሩ የቁጥር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ገጸ ባሕርይ አለ? አንዱ «ሴቶቹ በዝተዋል፣ ወንዱ የት ገባ?» ይላል፤ ሌላው «ወንዶቹ ብቻቸውን ሲቀልዱ ሴቷ ለጌጥ ቆማለች» ብሎ ይመልሳል። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥርን አልንቅም። ነገር ግን የሂሳብ መዝገብ የያዘ ሁሉ የሚያውቀው አንድ እውነት አለ፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል መጣ ማለት መዝገቡ ከስሕተት ጸዳ ማለት አይደለም። ገንዘቡ ያለ ቦታው ተመዝግቦም ድምሩ እኩል ሊወጣ ይችላል። በኮሜዲ ውስጥ ያለው የሴትና የወንድ ሚዛንም እንዲሁ ይመስለኛል። «ስንት ናቸው?» ከማለት በፊት «ቂል የመሆን ድርሻ ለማን ተሰጠ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን የምጽፈው ከኦሞራቴ ነው። የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ከመግባቱ በፊት በመጨረሻ ከሚያልፍባቸው ከተሞች አንዷ፣ የዳሰነች ወረዳ መቀመጫ፣ ለኬንያ ድንበር የቀረበች፣ ሙቀቷ ቀን ቀን ሰውን ከጥላ ወደ ጥላ የሚያሳድድ ከተማ ናት። ማታ ነፋስ ሲነሣ በምኖርበት ግቢ ወጣቶች በአንድ ስልክ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ፊልሞቹ በቴሌግራም ይመጣሉ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ይቀባበለዋል። ከመካከላቸው የአከራዬ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች። የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ እያነበበች ለታናናሾቿ በዳሰነችኛ፣ ለእኔ በአማርኛ የምትተርከው እርሷ ናት። አንድ ምሽት «ጋሼ፣ በእኛ አገር ኮሜዲ ሴቷ ለምን አትሳሳትም?» ስትል ጠየቀችኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ ነው።

እስቲ ሦስት ሥራዎችን እናንሣ። የመጀመሪያው «አዙማንጋ ዳዮ» ነው። ኪዮሂኮ አዙማ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 በአራት አራት ሣጥን ሥዕል እያወጣ ያቀረበው፣ በ2002 ደግሞ በ26 ክፍል ለቴሌቪዥን የበቃ ሥራ ነው። ዋናዎቹ ተማሪዎች ስድስቱም ልጃገረዶች ናቸው፤ ከአንድ እንግዳ ጠባይ ካለው መምህር በቀር ከሥራው በኋላ በልብ የሚቀር ወንድ የለም ማለት ይቻላል። በቁጥር ከሄድን ሚዛኑ ፈጽሞ ያጋደለ ነው። ግን ልጃገረዶቹን ተመልከቱ። አንዷ በአሥር ዓመቷ ሁለተኛ ደረጃ የገባች ብልህ ናት። አንዷ ቀዥቃዣ ናት። አንዷ ሰው የሚፈራት መለሎ ስትሆን የልቧ ምኞት ድመት መዳበስ ብቻ ነው። አንዷ ደግሞ ዐይኗን ገልጣ ታልማለች። «ሴት» የሚለው ቃል ስድስቱን በአንድ ልብስ መሸፈን ተሳነው። ሴቶቹ ሲበዙ ሴትነት ራሱን የቻለ ጠባይ መሆኑ ቀረና እያንዳንዷ በየራሷ ሰው ሆነች።

ሁለተኛው የያሱኖቡ ያማውቺ ሥራ ነው፤ ስሙ ወደ እኛ ቢመለስ «የወንድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውሎ» ይሆናል። በአኒሜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የወንዶች ትምህርት ቤት ነውና የወንዶቹ ቁጥር ያይላል። ሆኖም በዚህ ሥራ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ትዕይንት የአንዲት ልጅ ነው። አንድ ልጅ ወንዝ ዳር ብቻውን መጽሐፍ ያነባል፤ ልጅቷ ትመጣና ከአጠገቡ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ነፋሱ ይነፍሳል። እርሷ ከልቦለድ የተቀዳ የሚመስል ውብ ንግግር ትጠብቃለች፤ እርሱ ደግሞ ምን ብል ይሻላል እያለ በውስጡ ያልበዋል። ሁለቱም ቂሎች ናቸው። የእርሷ ቂልነት ግን የአንባቢ ቂልነት ነውና እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በእርሷ ስንስቅ የምንስቀው በራሳችን ነው።

ሦስተኛው የጂን ኮባያሺ «ስኩል ራምብል» ነው፤ በመጽሔት ከ2002 እስከ 2008፣ በአኒሜ ከ2004 ጀምሮ የወጣ። ቴንማ የተባለችው ልጅ ልብ ለማይላት የክፍል ጓደኛዋ ትቃጠላለች፤ ሃሪማ የተባለው ጉልቤ ደግሞ ልብ ለማትለው ለእርሷ ይቃጠላል። ክፍሉ በሁለቱም ፆታ የተሞላ ነው። ይሁንና እኩልነቱን ያገኘሁት በተማሪዎቹ ብዛት ሳይሆን እርሷም እርሱም አንድ ዓይነት ሞኝነት በእኩል ክብር ስለተሰጣቸው ነው።

ጃፓኖች ማንዛይ የሚባል የቆየ የሁለት ሰው ቀልድ አላቸው። አንዱ «ቦኬ» ነው፤ ያልሆነውን ሆነ የሚል፣ የሚዘባርቅ፣ የሚስት። ሁለተኛው «ጹኮሚ» ነው፤ የሚያርም፣ የሚቆጣ፣ ወደ ልብህ ተመለስ የሚል። ብዙው የትምህርት ቤት ኮሜዲ የዚህ ጥንድ ልጅ ነው። ተመልካች አራሚውን ያመሰግነዋል፤ የሚወድደው ግን ሳቹን ነው። ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው፣ የሚደነቅበት፣ ሲወድቅ የሚታዘንለት እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የልመነህ ታደሰንና የአለባቸው ተካን ጥምረት፣ የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን ጥምረት አስታውሱ፤ ሳቹም አራሚውም ወንድ ነበር። ከዚያ ቀደም ብለን ብንሄድ፣ አባባ ተስፋዬ እያልን ያደግንባቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከ40 ዓመታት በላይ ልጆችን በቴሌቪዥን ያጫወቱትና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉት አንጋፋ፣ በወጣትነታቸው ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። በመድረኩ ላይ ሴት ነበረች፤ አፏ ግን የወንድ ነበር። በአለቃ ገብረ ሀና ጨዋታዎችም ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ትነሣለች፤ አንዳንዴም ትመልሳለች። ይሁን እንጂ ቀልዱ የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ዛሬ በተከታታይ ድራማዎቻችን ሴቶች በብዛት አሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ወይ መልከ መልካሟ ተፈላጊ፣ ወይ ተቆጪዋ ሚስት፣ ወይ መካሪዋ እናት ናቸው። ሦስቱም አራሚዎች ናቸው። ለልጅቷ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነበር፤ «የማትሳሳተው ስሕተቱ ስላልተሰጣት ነው» አልኋት።

እርግጥ ነው፣ ሜዳው ባዶ አይደለም። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የፈጠረችውና በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዋና ገጸ ባሕርይው ስድስት ዓመት የሆናት ቀጭኔ ናት። ፀሐይ የማታውቀውን ትጠይቃለች፤ ትደናገራለች፤ ከዚያም ትረዳለች። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ድረስ ተሻግሮ «ጃፓን ፕራይዝ» የተባለውን የትምህርታዊ ዝግጅቶች ሽልማት ተቀብሏል። ሴት ልጅ በአደባባይ «አላውቅም» ስትል አገር ሁሉ አብሯት ሲማር ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ልጆቻችን ከፀሐይ ዕድሜ አልፈው ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ፣ ለመሳሳት ድፍረት በሚያስፈልጋቸው ዕድሜ፣ እንዲህ ያለችውን ጓደኛ በብዛት የሚያገኙት ከሩቅ ምሥራቅ መሆኑ ነው።

ነገሩ የመዝናኛ ወግ ብቻ ከሆነ ይህን ያህል ባላሰለቸኋችሁ ነበር። የአከራዬ ልጅ አፏን የፈታችው በዳሰነችኛ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ሲሆን የወንድና የሴት አጠራር ላይ አንዳንዴ ያደናቅፋታል። ይህን ያህል ፆታ የሚለይ ቋንቋ በኋላ ለተማረው ሰው ቀላል አይደለም፤ «ና» እና «ነይ»ን፣ «አንተ» እና «አንቺ»ን በየዐረፍተ ነገሩ መምረጥ ግድ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወንድ መምህሯን «ነይ» ብላ ጠራች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ እጇን ማውጣት ተወች፤ መልሱን እያወቀች ዝም አለች።

ከአዙማንጋ ልጃገረዶች አብልጣ የምትወድደው «ኦሳካ» የምትባለውን ነው። ልጅቷ ከኦሳካ የተዛወረች ናት፤ ኦሳካ የማንዛይ አገር ነውና ክፍሉ ገና ስትገባ አሳቂ ናት ብሎ ጠበቃት፤ በአነጋገሯ ተገርሞም ስሟን በአገሯ ስም ለወጠው። እርሷ ግን የጠበቋትን አልሆነችም። ቀስ ብላ፣ በራሷ ሕልም እየተጓዘች፣ በራሷ መንገድ አሳቀቻቸው። በሰው መሳቂያ መሆንና ሰውን ማሳቅ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የተሻለ ያሳየኝ ምሳሌ የለም።

ለእንቁጣጣሽ የግቢው ልጆች አጭር ጨዋታ አዘጋጁ፤ ባዶ መጋዘን ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጠብቅ አንድ ግራ የተጋባ ዘበኛ። ወንዶቹ ሚናውን ሲከፋፈሉ ለእርሷ የዘበኛውን ሚስት ሰጧት። «ዘበኛውን እኔ ልሁን» አለች። «ዘበኛ ሴት ነው እንዴ?» አላት አንዱ። «ቂል ለመሆን ወንድ መሆን ያስፈልጋል እንዴ?» ብላ መለሰችለት፤ ዱላውንም ወሰደች። በጨዋታው ሌባውን «ነይ፣ አንቺ ሌባ!» ስትለው፣ የጠፋችውን ፍየል ደግሞ «ና፣ ጌታው» እያለች ስትለማመጥ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ያው ስሕተት ነበር። አሁን ግን መቼ እንደሚመጣ የምታውቀው እርሷ ነበረች፤ ሳቁን ጠርታ ያመጣችውም፣ ሲበቃ ያስቆመችውም እርሷ ነበረች። በዚያ ሌሊት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፤

በሳቁባት ጊዜ ድምጿ ተቀበረ፤
ባሳቀችን ጊዜ ስሟ ተነገረ።

ዳሰነቾች ዲሚ የሚሉት ታላቅ ሥርዓት አላቸው። አባት ከብቱን አርዶ፣ ደግሶ፣ ሴት ልጁን ያስመርቃል፤ በዚህም ከሽማግሌዎች ተርታ ይገባል። ለአባትየው የክብር በር የምትሆነው ሴት ልጁ ናት። ይህን ሳስብ በዚህ ምድር ሚዛን የሚለካው በራስ ቆጠራ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሕዝብ መካከል እንደምኖር ይሰማኛል። የሚቀረው ልጅቷ ለሌላው በር ከመሆን አልፋ በገዛ በሯ እንድትወጣና እንድትገባ፣ እንቅፋት ሲመታትም ስቃ እንድትነሣ ቦታ መልቀቅ ነው።

ስለዚህ ድራማ የምትጽፉ፣ ለትምህርት ቤት ክበብ ጭውውት የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ ገጸ ባሕርያታችሁን ቆጥራችሁ እኩል ስታደርጉ ሥራው አለቀ አትበሉ። ከቆጠራው በኋላ መዝገቡን አንድ ጊዜ ግለጡና የቂሉ ድርሻ በማን ስም እንደተመዘገበ ተመልከቱ።

ቸር እንሰንብት።