የተጠባባቂ ወንበር

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ጉለሌ ተኝታለች። እኔ ግን ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በስልኬ መስኮት ላይ የአንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ቁጥሮች ሲለዋወጡ አያለሁ። ልጁ ስሜን አያውቅም፤ እኔም በአካል አይቼው አላውቅም። ሆኖም ኳስ ባገደ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሲሳሳት ደግሞ እንደ ወላጅ እቆጣለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ መቁጠር አለብኝ። ዓይኔ ቀልቶ ሲያዩኝ ባልደረቦቼ ሌሊቱን ግጥም ስጽፍ ያደርኩ ይመስላቸዋል። እኔም አላስተባብልም።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚደረገውን ፋንታሲ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእኛው በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ላይ የተመሠረተ ነው። አሥራ ሁለት ነን። አብዛኞቹ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ሐበሾች ናቸው። ሊጉን ያቋቋመው ዲቪ ደርሶት ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. «ከአገር ቤትም አንድ ሰው ያስፈልገናል» ብሎ ጨመረኝ። እያንዳንዳችን 13 እውነተኛ ተጫዋቾችን እንመርጣለን፤ እነሱ በሜዳ ላይ የሚያስመዘግቡት ነጥብ፣ ሪባውንድ፣ አሲስት፣ የነጠቁትና ያገዱት ኳስ ሁሉ ለእኛ ይታሰብልናል። አንድ ተጫዋች ከአሥራ ሁለታችን የአንዱ ብቻ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ስሞቹ ሁሉ ወደ ገበያ ይመለሳሉ፤ ከአራት በስተቀር። አራት ተጫዋቾችን ለከርሞ የማሻገር መብት አለን። ይህን ዓይነቱን ፈረንጆቹ «ኪፐር ሊግ» ይሉታል።

የጨዋታው ጣዕምም መዘዙም ያለው «ለከርሞ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ከርሞ ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ ምንም የማይሠራ የ19 ዓመት ልጅ ማን ይመርጥ ነበር? ከርሞ ስላለ ግን ልጁን በተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ እስኪበስል መጠበቅ ይቻላል። በእኛ ሊግ ይህ «ማክረም» ይባላል። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገበሬ በክረምት እየራበው የማይነካውን የዘር እህል አስቤ ነበር፤ ማን ይራባል የሚለውን ግን ያኔ አላሰብኩም።

ተስፋው ከንቱ አይደለም። ኒኮላ ዮኪች እ.ኤ.አ. በ2014 በ41ኛ ተራ በዴንቨር ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ያ በማስታወቂያ መሀል ያለፈ ልጅ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ፤ በ2023 ደግሞ ቡድኑን ለዋንጫ አበቃ። ከናይጄሪያውያን ወላጆች በአቴንስ የተወለደው ያኒስ አንቴቶኩምፖ በ2013 በ15ኛ ተራ ተመርጦ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያስቆጠረው በጨዋታ በአማካይ 6.8 ነጥብ ብቻ ነበር። በ2021 ሚልዋኪ ዋንጫውን ባነሣበት የመጨረሻ ጨዋታ ብቻውን 50 ነጥብ አስቆጠረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው።

ይሁንና እንቁላል ሁሉ አይፈለፈልም። ብሩኖ ካቦክሎ የተባለውን ብራዚላዊ ወጣት በ2014 ቶሮንቶ በ20ኛ ተራ ሲመርጠው፣ አንድ የቴሌቪዥን ተንታኝ ልጁ ለመብሰል ሁለት ዓመት ሊቀረው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቶሮንቶ ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ጠብቆት፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ ወደ ሌላ ቡድን ላከው።

የእኔ ካቦክሎ ማርኬል ፉልትዝ ነበር። በ2017 ፊላደልፊያ በአንደኛ ተራ የመረጠው የ19 ዓመት ልጅ ነው። ገና ውድድሩ ሲጀመር ትከሻውን አመመውና ለዓመታት የለመደው የአወራወር ስልት ጠፋበት፤ ቅጣት ምት ሲወረውር ማየት እንኳ ያሳቅቅ ነበር። እኔ ግን አከርመዋለሁ አልኩ። ወንበሬ ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ለእሱ ቦታ ለማስለቀቅ ሉ ዊልያምስን አሰናበትሁ። ሉ ያኔ 31 ዓመቱ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ መጥቶ፣ በ2005 በ45ኛ ተራ ተመርጦ፣ አብዛኛውን ዘመኑን ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ የሠራ ሰው ነው። «ከዚህ በላይ ምን ይጨምራል?» አልኩ። በዚያው የውድድር ዘመን በአማካይ 22.6 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከተጠባባቂነት ተነሥቶ ለሚጫወት ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማትም በ2018 እና በ2019 በተከታታይ ወሰደ። ይህን ሁሉ ያደረገው በማግሥቱ ላነሣው ለሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛዬ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ፉልትዝ በሁለቱ ዓመታት የተጫወተው 33 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2018 መጨረሻ ሕመሙ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለ የነርቭ መታፈን መሆኑ ተነገረ። በኋላ በኦርላንዶ ደህና ተጫዋች ሆነ፤ እኔ ግን ለቅቄው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በመጀመሪያው ዓመት ያቆየሁት አምኜበት ነው። በሁለተኛው ዓመት ያቆየሁት ግን ስለከፈልኩበት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ብድር እንዳይበላሽበት ለማይከፍል ሰው ሁለተኛ ብድር የሚሰጥ የባንክ ባለሙያ ምን እንደሚባል እኔ አላጣሁትም፤ ሆኖም ያንኑ አደረግሁ።

በ2022 በልቤ የገባው ቼት ሆልምግረን ነው። ኦክላሆማ በሁለተኛ ተራ መረጠው፤ ውድድሩ ሳይጀመር በነሐሴ እግሩ ተጎዳና ዓመቱን በሙሉ ከሜዳ ራቀ። የእኛ ሊግ ለእንዲህ ያለው ነገር አንድ ተጨማሪ የጉዳተኛ ወንበር አለው፤ እዚያ የተቀመጠ የማንንም ቦታ አይሻማም። ዓመቱን ያለ ጭንቀት አከረምኩት። የሚያስጨንቀው የመጣው ለከርሞ የሚሻገሩት አራት ስሞች በሚለዩበት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ሦስቱ የታወቁ ነበሩ። ለአራተኛው ቦታ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተው ሆልምግረንና የ35 ዓመቱ ብሩክ ሎፔዝ ቀረቡ። ሎፔዝ ባለፈው የውድድር ዘመን በየጨዋታው በአማካይ 2.5 ኳስ ያገደ፣ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ የሰበሰበልኝ ሰው ነው።

ያን ሌሊት ታላቅ እህቴ እንጀራ ትጋግር ነበር። የምትጋግረው ለሽያጭ ነው፤ መብራት ኃይል የሚኖረው በሌሊት ስለሆነ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትነሣለች። እኔ እታለም ነው የምላት። በስልኬ ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ማሰሻውን እንደያዘች በጥሞና ሰማችኝ።

«ይኼ ልጅ ዓመት ሙሉ አልተጫወተም?»

«አልተጫወተም። እግሩን ታሞ ነበር።»

«ሰውዬውስ?»

«እሱ ሁልጊዜ ይሠራል። ግን ዕድሜው ሄዷል።»

አክንባሎውን ከድና ዝም አለች። እንጀራውን በሰፌድ ስታወጣ፣ «ታዲያ የሚሠራውን ነው የምታስወጣው?» አለችኝ።

በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ስለ ኳስ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

አባታችን በ1995 ዓ.ም. ሲያርፍ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እታለም 22 ነበረች። ቀን የሱቅ ሒሳብ እየያዘች በማታው ክፍለ ጊዜ አካውንቲንግ ትማር ነበር። ዲቢትና ክሬዲትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ በግራ እጄ እንጀራ፣ በቀኝ እጄ ሽሮ አስይዛ። በቤታችን ሁለት ተማሪ ነበር፤ ወንበሩ ግን አንድ ሆነ። እናቴም፣ አጎቶቼም፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም «ይህ ልጅ ተስፋ አለው» አሉ። ስለ እሷ ተስፋ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷ እየሠራች ነበራ! ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ በጥር 1997 ዓ.ም. ቤይሩት ሄደች። ሰው ቤት እየሠራች በላከችው ገንዘብ መሰናዶ ተማርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በ2002 ስመረቅ የለበስኩት ሙሉ ልብስ የእሷ ላብ ነው፤ በፎቶው ውስጥ ግን እሷ የለችም። የተመረቅሁት በአካውንቲንግ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያነበብኩትም እሷ በእርሳስ ካሰመረችበት የማታ ደብተሯ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ደመወዝ በዶላር መክፈል ሲቸግር፣ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰች። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው።

ከምጣዱ አጠገብ ባደርኩባት በዚያች ሌሊት ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፤

አንዱ እንዲቀመጥ አንዱ ይነሣል፣
የተነሣውን ማን ያስታውሳል?

ከዚያ ወዲያ ግጥሙ አልሄደልኝም። ንጋት ላይ ያሻገርኩትም ሆልምግረንን ነው።

ምርጫዬ ትክክል ነበር። ልጁ በተከታዩ የውድድር ዘመን 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ፤ በ2025 ከኦክላሆማ ጋር ዋንጫ አነሣ። ሎፔዝም ኳስ ማገዱን አልተወም፤ ለሌላ ሰው አገደ። ስለ ቼት ቁጥሮቹ መሰከሩልኝ፤ ስለ እኔ ግን የሚመሰክር ቁጥር የቱ ነው? እኔም የተከረምኩ ልጅ ነኝ። ዛሬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ ከወር ወር ለመድረስ ይታገላል። በመሳቢያዬ ውስጥ ማንም ያላተማቸው ሦስት ደብተር ሙሉ ግጥሞች አሉኝ። ኮከብ አልወጣኝም። እታለም በእኔ ምክንያት ለተነሣችበት ወንበር ይህ በቂ ነው ወይ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው፣ ሌሊት እንቅልፍ ባይወስደው አይፈረድበትም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ግጥሞቼን በራሴ ወጪ ለማሳተም ለአራት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በዚያው ሰሞን እታለም ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮሌጅ በማታ አካውንቲንግ እንደሚያስተምር ጠይቃ እንደመጣች ከእናቴ ሰማሁ። ክፍያውን ሰምታ ተመልሳለች። 45 ዓመቷ ነው። ሁለት ቀን ዝም ብዬ ቆየሁ። በሦስተኛው ሌሊት ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጬ፣ «እታለም፣ ተመዝገቢ፤ እኔ እከፍላለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዕዳ ልትከፍል ከሆነ አልፈልግም» አለች። «እኔ አበድሬህ አልሄድኩም። ትችላለች ብለህ ከሆነ ግን እሺ።»

ወዲያው «ትችያለሽ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሆኖም ፉልትዝ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ስለከፈሉ ማቆየትና አምኖ ማቆየት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በያዢው ልብ ውስጥ ብቻ ነው። እውነት አምኜባት ነው ወይስ ልቤን ላሳርፍ? በማግሥቱ እሷ ሳትኖር የእንጀራ ሽያጭ ደብተሯን ገለጥሁ። ዱቤ የወሰዱት በአንድ ወገን፣ የከፈሉት በሌላ ወገን፣ ጤፍና መብራት ለብቻቸው፤ የሦስት ወሩን ደመርኩት፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ባለፈው ዓመት የእናቴን ዕቁብ ስደምር የተሳሳትኩትን ያገኘችውም እሷ እንደነበረች አስታወስኩ። ማታ ላይ «ትችያለሽ» አልኳት። ለሥራ ባልደረባዬ የምናገረውን ያህል እርግጠኛ ሆኜ ነው የተናገርኩት። ሳቀች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ግጥሞቹ ከመሳቢያ አልወጡም። አልከፋኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የወረቀት ዋጋ እኔን ቆሞ እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። እታለምም ትጨርስ እንደሆነ፣ ብትጨርስስ በዚያ ዕድሜ ማን እንደሚቀጥራት አላውቅም። ማክረም ከተባለ እንዲህ ነው።

ትናንት ሌሊት የሆልምግረንን ቁጥሮች ስጠብቅ እሷ ከምጣዱ አጠገብ ደብተር ዘርግታ ነበር። ያ የድሮው፣ በእርሳስ የተሰመረበት ደብተር ከጎኗ ተቀምጧል። ስለ ዕቃ የእርጅና ቅናሽ አሠራር አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ጠፋኝ። እሷ የድሮውን ደብተር ገልጣ መልሱን ከራሷ የእጅ ጽሑፍ አገኘችው። ከዚያም ጭሱ እንዳይገባኝ በሩን ከፈት አድርጋ፣ «የአንተስ ልጅ ስንት አገደ?» አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት።

«ደህና ነው» አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።